ምልክት የሌለው ዳቦ

በብርድ ከተማ ውስጥ ሙቀት ያለበት ቦታ አንድ ብቻ ከሆነ፣ ሰው ልቡን እዚያ ጥሎ ቢወጣ ምን ይገርማል? ስለዚህ ቶሎ አትፍረዱብኝ። ከኦማኗ ኒዝዋ የመጣ ሰው ብርድን የሚያውቀው የማቀዝቀዣ በር ሲከፍት ነው። የሞሮኮዋ የፌስ ከተማ ኅዳር ምን እንደሚመስል ማንም አልነገረኝም ነበር።

የሄድኩት ለአንድ መንፈቅ ትምህርት ነው። ከኦማን ለታሪክ ትምህርት ከተመረጥን ሁለት ሴቶች አንዷ በመጨረሻው ወር ታጭታ ቀረች። አባቴ "ብቻዋንማ አትሄድም" ብሎ በሩን ዘጋው፤ እናቴ ሦስት ሳምንት ለምና አስከፈተችው። ልብ በሉ፣ የለመነችው እናቴ ናት። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም ነገር በራሴ አፍ ጠይቄ አላውቅም። ምግብ ቤት ስንገባ የምበላውን የሚያዝልኝ ወንድሜ ናስር ነው። ሐኪም ጋ ስንሄድ የት እንደሚያመኝ የምትናገረው እናቴ ናት። ሸምሳ የምትባለው የሃያ ዓመት ልጅ ሥራዋ አጠገባቸው ቆሞ አንገት መነቅነቅ ነበር።

ፌስ ውስጥ ያረፍኩት በአሮጌው ከተማ፣ ላላ በቱል ቤት ነው፤ «ላላ» እዚያ አገር እመቤት ማለት ነው። ላላ በቱል ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው በየፊናቸው የሄዱባቸው፣ ምላሳቸው ግን በደህና ያለ ሴት ናቸው። የቤታቸው መሃል ጣሪያ የለውም፤ ዝናቡ ሲመጣ እንደ ዘመድ ሳያንኳኳ ይገባል። ክፍሌ ግድግዳው በአበባ ሸክላ ያጌጠ ነው። ያ ሁሉ አበባ ግን አንድ ቀን እንኳ አላሞቀኝም።

ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ደግሞ አርባ ተማሪ እርስ በርሱ ሲሳሳቅ እኔ ከኋላ ጥግ እቀመጣለሁ። ሰላም ሲሉኝ ፈገግ እላለሁ፣ ሲጠይቁኝ አንገቴን እነቀንቃለሁ። "ኩሩ ናት" አሉኝ። ምን ኩራት አለኝ! የሚናገርልኝ ሰው ይዤ ስላልመጣሁ ነው እንጂ። አንድ ጠዋት ላላ በቱልን እንደምን አደሩ ልላቸው አፌን ስከፍት ድምፄ ሻክሮ እምቢ አለኝ። ለካ ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ወደ ክፍሌ ተመልሼ አለቀስኩ፤ የሚሰማኝ ስለሌለ ድምፄን እንኳ አልቀነስኩም።

ላላ በቱል ግን ሰምተዋል። ምንም ሳይሉ የሊጡን ጣውላ ከነጨርቁ አምጥተው ክንዴ ላይ ጫኑት።

"እንቺ፣ የሰፈሩ ዳቦ መጋገሪያ ጋ ውሰጂ።"

"መንገዱን አላውቀውም፣ ላላ።"

"ሽታውን ተከተይ። አፍንጫ የለሽም? እናንተ ኦማኖች እኮ ያለ መኪና መሄድ ረስታችኋል።"

ሽታውን ተከትዬ ደረስኩ። ዝቅ ያለውን በር አጎንብሼ ስገባ ሙቀቱ ፊቴን አቀፈው። ከስድስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዬ ከጆሮዬ ሥር ወረደ። ምድጃው አፍ ፊት ለፊት፣ እስከ ክርኑ ዱቄት የሆነ ወጣት ቆሟል። በረጅም እንጨት ዳቦ ያስገባል፣ ዳቦ ያወጣል። ጨርቁን ገለጥ አድርጎ አንዱን ሊጥ በጣቱ ነካ አደረገና፦

"የላላ በቱል" አለ።

"በምን አወቅህ?" አልኩ። ጥያቄው እኔን ሳያስፈቅደኝ ነው የወጣው።

"ሦስት ጊዜ በሹካ ተወግቷል። ያኛው በቁልፍ የታተመው የአናጢው ቤት ነው። ይሄ በልብስ ሰፊ ጣት ሽፋን የተጫነው የመበለቶቹ እህትማማቾች ነው።" ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። ሽፋሽፍቱ ላይ ዱቄት አርፏል። "አንቺ የምትጠብቂው ዳቦውን ነው ወይስ ምድጃውን?"

"ዳቦውን።"

"እንግዲያው ትንሽ ራቅ በይ፤ አብረሽ ልትጋገሪ ነው።"

ሳቅሁ። የሳቄ ድምፅ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

ስሙ ዙሄር ነው። ምድጃው የአባቱ የሲ ሚሉድ ነበር። የሽማግሌው ወገብ ሲከዳቸው ዙሄር የሁለተኛ ዓመት የታሪክ ትምህርቱን ጥሎ እንጨቱን አነሳ። ይህን የነገሩኝ ላላ በቱል ናቸው፤ እሱ ስለ ራሱ አያወራም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሊጡን እኔ ካልወሰድኩ ብዬ ድርቅ አልኩ። ላላ በቱልም ከሊጣቸው ቆርሰው የራሴን ትንሽ ዳቦ እንድጋግር ፈቀዱልኝ። መጀመሪያ ቀን ባዶውን ይዤው ብሄድ ዙሄር ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

"ምልክት አድርጊበት።"

"ትንሹ የኔ መሆኑ አይታወቅም?"

"እዚህ ምልክት የሌለው ዳቦ ባለቤት የለውም። ምልክት ያለው ግን ባለቤቱ እስኪመጣ ያቺ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ሳምንት ብትቆዪ እንኳ ማንም አይነካብሽም።"

ኪሴን ስፈትሽ ያገኘሁት ጠዋት ከአባቴ እርሻ የመጣ ቴምር በልቼ ያስቀረሁትን ጠንካራ ፍሬ ነው። ሊጡ ላይ ጫን አደረግሁት፤ መሃሉ የተሰነጠቀ ረዘም ያለ ጠባሳ ተወለት። ዙሄር በጣቱ ነካካው፣ ዓይኑን ጨፍኖ ደግሞ ነካካው።

"ያዝኩት። ከእንግዲህ በጨለማም አውቀዋለሁ።"

ስለ ዳቦ ነው ያወራው። እኔ ግን ወደ ቤት የተመለስኩት እሱን አስመስዬ ዓይኔን ጨፈን እያደረግሁ ነው፤ ከአንድ የጭነት በቅሎ ጋር ተጋጨሁ።

በየቀኑ "ዛሬ ምን ተማራችሁ?" ይለኛል። እኔም እነግረዋለሁ። መጀመሪያ በሁለት ቃል፣ ከዚያ በአምስት፣ ከዚያ ዳቦው ወጥቶ እስኪቀዘቅዝ። ይከራከረኛል፣ ያፌዝብኛል፣ "መምህራችሁ ይህን ካለ ተሳስቷል፣ ጠይቂው" ይለኛል። "እኔ?" ስለው "ታዲያ ማን? ሲ ሚሉድን ልላክልሽ?" አንድ ቀን ታኅሣሥ ላይ ያ ነገር ደረሰ፤ ክፍል ውስጥ እጄን አወጣሁ። ጠየቅሁ። መምህሩ አዩኝና "ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር" አሉ። በዝናብ ውስጥ እስከ መጋገሪያው ሮጥኩ።

"ጠየቅሁ!" አልኩት ከበሩ።

ዙሄር እንጨቱን እንደያዘ ዘወር አለ። አየኝ። እኔም አየሁት። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። የማውቀው በዚያ ቀን አራት ቤት ያረረ ዳቦ መብላቱን ነው። ሲ ሚሉድ ምድጃው ከተሠራ እንዲህ ሆኖ አያውቅም ብለው ወገባቸውን ይዘው መጡ። የወደደኝ መሰለኝ። እኔማ ከወደድኩት ቆይቷል።

ሰው ሲወድ ደግሞ ሞኝ ይሆናል፤ እኔም ተራዬን አላሳለፍኩም።

ከአባቴ እርሻ የመጣው ቴምር ሻንጣዬ ውስጥ እያለቀ ነበር። የቀሩኝን ሰባት ቴምሮች ፍሬያቸውን አውጥቼ በሊጥ ሸፍኜ ለዙሄር ዳቦ ሠራሁለት። ምልክቴን ላድርግ ብዬ ተውኩት። የእኔ አይደለማ፤ የእሱ ነው። ከላላ በቱል ዳቦዎች ጎን አስቀምጬ ወሰድኩና አፍሬ አንድም ቃል ሳልናገር ወጣሁ። ይገባዋል ብዬ ነበር። መቶ ዳቦ በጣቱ የሚለይ ሰው ይሄ ይጠፋዋል?

ከሰዓት በኋላ ስመለስ መጋገሪያው በር ላይ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ተቀምጠው ዳቦ ይበላሉ። ከዳቦው ውስጥ ቡናማ ቴምር ይታያል። "ዙሄር እጁ ይባረክ፣ ዛሬስ ጣፋጭ ሰጠኝ!" ይላሉ ለመንገዱ ሁሉ። እግሬ መሬት ላይ ተተከለ። ከሩቅ ያመጣሁትን፣ ከአገሬ የቀረኝን የመጨረሻ ነገር፣ ቀምሶ እንኳ ሳያይ በር ላይ ለተገኘ ሰው ሰጠው። ሽማግሌው ላይ አልጨከንኩም፣ ይብሉ። ግን ልቤ ተቆረሰ። ማን ነሽ ሲለኝ ነው ብዬ ተረጎምኩት።

በሦስተኛው ቀን ዳቦ ስጠብቅ ናስር በስልክ ደወለ፤ ምስሌን እያየ ነው የሚያወራው።

"ከኋላሽ የቆመው ማነው?"

ዙሄር በአራት እርምጃ ርቀት ላይ ነበር። እንጨቱ አየር ላይ ቆመ። የምለውን ለመስማት እንደጠበቀ አውቄያለሁ። አውቄም ነው የተናገርኩት።

"ማንም አይደለም" አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። "ዳቦ ጋጋሪ ነው።"

በሃያ ዓመቴ የተማርኩትን ጮክ ብሎ መናገር ለዚህ አዋልኩት። እንጨቱ እንደገና መንቀሳቀስ ጀመረ። ዳቦዬ ሲወጣ ዙሄር በጨርቁ ጠቅልሎ፣ ሳያየኝ፣ በሁለት እጁ ዘረጋልኝ።

"እንኩ" አለኝ። "አላህ ያክብርዎት፣ እመቤቴ።"

አንቱ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የዚያን ቀን ዳቦው በእጄ ላይ ትኩስ ነበር፤ እኔ ግን እስከ ቤት ድረስ ተንቀጠቀጥኩ።

ከዚያ በኋላ መጋገሪያው ደጃፍ አልደረስኩም። ፈተና አለብኝ እያልኩ ላላ በቱልን በአሮጌ ጉልበታቸው ላክኋቸው። ክፍል ውስጥ እናገራለሁ፤ አሁን ማንም ኩሩ አይለኝም፣ ሁለት ሴቶች ምሳ እንኳ ይጋብዙኛል። እሄዳለሁ፣ እስቃለሁ፣ ምግቤን ራሴ አዛለሁ። ግን "ዛሬ ምን ተማራችሁ" የሚለኝ የለም። ድሮ ብቸኛ የነበርኩት ማንንም ስለማላውቅ ነው። ያሁኑ ብቸኝነት ባለቤት ነበረው፣ ስም ነበረው፣ ሽፋሽፍቱ ላይ ዱቄት ነበረው።

ልመለስ ዘጠኝ ቀን ሲቀረኝ፣ አርብ ጠዋት፣ ላላ በቱል ሊጣቸውን ሲያስተካክሉ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አራቱን በሹካ ወጉ። አምስተኛውን እንዲሁ ትተው ጨርቁን ሊያለብሱ ሲሉ፦

"ላላ፣ ይሄኛውን ረሱት" አልኳቸው።

"ምኑን ነው የረሳሁት?"

"ምልክቱን።"

"ወይ ልጄ! ይሄማ የመንገደኛ ነው። ምልክት የሌለው ዳቦ ለደጅ ነው የሚሄደው። ሰፈሩ ሁሉ የሚያደርገው ነው። ዙሄር ሲወጣ በር ላይ ላገኘው ለመጀመሪያው ሰው ይሰጠዋል። አባቱም እንደዚያ ነበሩ። ስንት ወር ስትመላለሺ ይህን አላየሽም?"

እጄ ዱቄቱ ላይ ቀረ።

"እሱ... ማን እንዳስቀመጠው አይጠይቅም?"

"ማን እንደሰጠ እንዳይታወቅ አይደል እንዴ ምልክት የማናደርገው! ምነው? ፊትሽ እኮ ከዚህ ሊጥ ነጣ።"

ሁሉን ነገርኳቸው። ሰባቱን ቴምር፣ ሽማግሌውን፣ ስልኩን። ስልኩ ላይ ስደርስ ላላ በቱል ሊጡን ተዉት።

"እሱ አንቺን ሳያውቅ ነው የበደለሽ" አሉ። "አንቺ ግን አውቀሽ ነው።"

"ይንገሩልኝ፣ ላላ። እርስዎን ይሰማዎታል።"

"እኔ? የኔ ምላስ ለኔው ነው የሚበቃው። አንቺም አንድ አለሽ፤ እዚሁ አገር ነው ያበቀልሽው።"

ሁለት ቀን ጻፍኩ፣ ቀደድኩ። ስልክ ቁጥሩን ጠይቄው አላውቅም። ሰኞ ዕለት ደብዳቤዬን አጥፌ ከሊጡ ጨርቅ ሥር አስገብቼ በላላ በቱል ላክሁት። እንዲህ ይላል፦

"ዙሄር፣ ቴምር የነበረበት ዳቦ ያንተ ነበር። ምልክቴን ያላደረግሁበት የኔ ስላልነበረ ነው። ለደጅ መስጠትህን አይቼ ተቀየምኩህ፤ ልማዳችሁን የነገረኝ ሳይኖር አይደለም፣ ራስህ በመጀመሪያው ቀን ነግረኸኛል፣ ያላስተዋልኩት እኔ ነኝ። በስልክ ያልኩት ግን አለማወቅ አይደለም። ፈሪነት ነው። አንተ ያስተማርከኝን ድምፅ አንተኑ ለማዋረድ ተጠቀምኩበት። ይቅር ባትለኝ አልፈርድብህም። ምልክቴን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ሸምሳ።"

የቴምሩን ፍሬ ወረቀቱ ውስጥ ጠቅልዬዋለሁ። ላላ በቱል ዳቦውን ይዘው ተመለሱ። ጨርቁን አራገፍኩት፤ ምንም የለም። ማክሰኞ ምንም የለም። ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ አርብ፣ ምንም። "ምን አለ?" እላቸዋለሁ። "እግር አለሽ፣ ሂጂና እዪ" ይሉኛል። አልቻልኩም። ፊቱን አዙሮ "እንኩ" ቢለኝ የምቆም አልመሰለኝም።

ቅዳሜ አባቴ መጣ። ብቻዬን መጓዜ አላስተኛውም ብሎ ከሙስካት ድረስ ሊወስደኝ ነው የመጣው። ነጭ ልብሱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ረጥቦ፣ ጥልፍ ቆቡ ሥር ጆሮው ቀልቶ ገባ። አባቴ ሱለይማን በኒዝዋ ሲያልፍ ሰው ይነሳለታል። ላላ በቱል ግን አንዴ ከእግር እስከ ራሱ አይተው፦

"ልጅዎም እንዲህ እየተንቀጠቀጠች ነው የመጣችው" አሉት። "ለመንገዳችሁ የሚሆን ዳቦ መጋገሪያው ጋ አለ። አብራችሁ ሂዱ፣ እርስዎም ይሞቁ።"

ቀና ብዬ ባያቸው ዓይናቸውን ወደ ድስቱ መለሱ። ተንኮላቸው ገብቶኛል። እምቢ ማለት እችል ነበር።

አባቴ ዝቅ ያለውን በር አጎንብሶ ገባ፤ ሁለት እጁን ወደ ምድጃው ዘረጋና ዓይኑን ጨፈነ። "አልሐምዱሊላህ!" አለ። "እዚህ አገር የሰው ቤት ይሄ ብቻ ነው።" ተራ የያዙት ሴቶች ሳቁ። ዙሄር ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል። ከስቷል። መግባታችንን አውቋል፤ የእንጨቱ አያያዝ ነገረኝ።

አባቴ ዓይኑን ሲከፍት ያየው ዳቦውን ሳይሆን እኔ ወደ ማን እንደማይ ነው። አባት ሞኝ አይደለም።

"ሸምሳ" አለ ቀስ ብሎ። "ይሄ ልጅ ማነው?"

እንጨቱ አየር ላይ ቆመ። ልክ እንደዚያን ቀን።   አንገቴን ልነቀንቅ እችላለሁ፤ ያ ሁልጊዜ ይሠራልኝ ነበር።

"ዙሄር ይባላል፣ አባዬ" አልኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ እንጂ አልሻከረም። "ናስር ሲጠይቀኝ ማንም አይደለም ብዬው ነበር። ዋሸሁት። እዚህ አገር ስመጣ የሚናገርልኝ ሰው አልነበረኝም። እሱ ተናገረልኝ ልልህ አይደለም፣ እኔው እስክናገር ጠበቀኝ። ነገ ስሄድ የሚናፍቀኝ እሱ ነው። ለናስር ሳይሆን ለአንተ፣ እሱ እየሰማ ልነግርህ ፈለግሁ።"

አንዷ ሴት "ያ ረቢ" ስትል ሰማሁ።  ዙሄር እንጨቱን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። እጁን በሽርጡ ጠርጎ ወደ መደርደሪያው ሄደና ስድስት ትናንሽ ዳቦዎችን አንድ በአንድ አውርዶ ፊቴ ደረደራቸው። ስድስቱም ላይ ያ መሃሉ የተሰነጠቀ ጠባሳ አለ። የእኔ ምልክት።

"ከሰኞ ጀምሮ በየቀኑ አንዳንድ ጋግሬያለሁ" አለ። "የሰኞው ድንጋይ ሆኗል። የዛሬው ግን ትኩስ ነው።"

"ለምን አልላክህልኝም?" አልኩ፤ እንባዬ መጣ። "ስድስት ቀን ሙሉ ጨርቅ ሳራግፍ..."

"ምልክት ያለው ዳቦ አይላክም፣ ሸምሳ። ባለቤቱ ራሱ መጥቶ እስኪወስድ ይጠበቃል። እኔ ይቅር ያልኩሽ ደብዳቤሽን ሳልጨርስ ነው። ግን ላንቺ ብዬ ባመጣልሽ ኖሮ ሁልጊዜ ሰው እንዳመጣልሽ ይቀር ነበር።"

አንቺ አለኝ። ከዚያ ሁሉ ንግግር የሰማሁት እሷን ቃል ነው።

አባቴ ጎንበስ ብሎ ትኩሱን ዳቦ አነሳ። አውራ ጣቱን በምልክቱ ላይ አሳለፈ። ሠላሳ ዓመት ቴምር የለቀመ ጣት ነው።

"ይሄ የኛ ቴምር ፍሬ ነው" አለ። ሌላ አልጨመረም። ዳቦውን እጄ ላይ አስቀምጦ ወደ ደጅ ወጣና በዝናቡ ውስጥ ቆመ።

ዙሄር ከደረት ኪሱ ፍሬውን አወጣ። "ውሰጂው፣ የአገርሽ ነው።"

"አንተ ጋ ይቆይ" አልኩት። "ብቻ ምልክቴን ለሌላ ቤት እንዳትሰጥብኝ።"

"የት አለና ሌላ ቤት" አለኝ።

አልነካሁትም፣ አልነካኝም። በመካከላችን ዱቄት የነሰነሰበት አንድ ጣውላ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያለፍኩት ባሕርና በረሃ ሁሉ እንደዚያ ጣውላ አልሰፋብኝም።

በአውሮፕላኑ ውስጥ አባቴ ለሦስት ሰዓት ቃል አልተናገረኝም። ዳቦዬን በጭኔ ይዤ በመስኮቱ ደመና ደመናውን አያለሁ። ከዚህ በኋላ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ናስር ይቆጣል፣ እናቴ ታለቅሳለች፣ ሰው ያወራል። ይህን ሁሉ በራሴ አፍ እንደምመልስ አውቃለሁ፤ ማወቄ ግን ብቸኝነቴን አልቀነሰልኝም።

ግብፅን አልፈን ይሆናል፣ አባቴ የቴምር ጥቅሉን ፈታ። አንድ ቴምር ወደ አፉ አድርጎ በዝግታ አላመጠ። ሁልጊዜ ፍሬውን በወረቀት ጠቅልሎ ይጥላል። አሁን ግን በመሐረቡ ጠራርጎ እጄን ሳበና መዳፌ ላይ አስቀመጠው።

"ያንቺ እዚያ ቀርቷል አይደል?" አለኝ፣ ሳያየኝ።

ጣቶቼን አጠፍኩበት። ገና ሙቀቱ አልወጣለትም ነበር። እስከ ሙስካት እጄን አልፈታሁም።